የአየር ላይ ቁልፍ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቤት እስከ አዲስ አበባ ሰርቨር

በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ በሚገኝ የኢትዮጵያውያን ቤት ታብሌት ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ ለእናት ወይም ለአባት ነው። ልጅ ሥራ ሲሄድ፣ የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ሲውል ቀኑን ብቻቸውን የሚገፉት እነሱ ናቸው፤ ቅዳሴውም፣ ዜናውም፣ ጎንደር ወይም ደሴ የቀረችው እህትም በዚያች መስታወት በኩል ነው የሚመጡት። የማገናኘቱ ሥራ ደግሞ በቤቱ ትንሽ ሰው ላይ ይወድቃል። ልጁ ዋይፋይ የሚለውን ይነካል፤ የጎረቤቶቹ ኔትወርክ ስም ሁሉ ይዘረዘራል፤ የራሳቸውን ይመርጣል፤ ከዚያም ሶፋው ጥግ ተንበርክኮ ራውተሩ ጀርባ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ረጅሙን የይለፍ ቃል አንድ በአንድ ይገለብጣል። «ገባልህ?» ይላሉ አያት። «ገባ፣ እማማ።» ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ከጀርባው ያለው ታሪክ ግን ረጅም ነው፤ ከፊሉም የተሠራው እዚያው አጠገብ፣ በዋሽንግተን ቢሮዎችና ፍርድ ቤቶች ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ስለዚያ ወረቀት። አያትየው ዳዊት ደግመው ያደጉ ቢሆኑ እንኳ ወረቀቱ ለእሳቸው ዝግ ነው፤ ፊደሉ ላቲን ነዋ። ይህ የራውተሩ አምራች ስንፍና አይደለም። የቤት ዋይፋይ የሚቆለፍበት ደንብ ራሱ የይለፍ ቃሉ ከ8 እስከ 63 በሚደርሱ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ቁጥሮችና ምልክቶች ብቻ እንዲጻፍ ያዛል፤ «ሀ» እና «ለ» በዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም። የኔትወርኩ ስም ላይ ትንሽ ይሻላል። ለስም የተፈቀደው ቦታ 32 ባይት ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ «የእትዬ አልማዝ ቤት» ብሎ ለሚሰይም ሰው፣ አሥሩ ፊደላትና ሁለቱ ክፍተቶች ተደምረው 32ቱን ባይት ልክ ይሞሉታል። አንድ ፊደል ቢጨመር አይገባም። የሚገርመው፣ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደል መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)፤ «ዋይፋይ» የሚለው የንግድ ስም የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። ሁለቱ አንድ ዓመት ተወልደው በይለፍ ቃሉ ሳጥን ውስጥ ሳይተዋወቁ ቀሩ።

የዋይፋይ ታሪክ ግን ከስሙ ይቀድማል። በ1985 ዋሽንግተን የሚገኘው የፌደራል ኮሙዩኒኬሽን ኮሚሽን ማንም የማይፈልጋቸውን ጥቂት የሬዲዮ ሞገዶች ያለ ፈቃድ እንዲሠራባቸው ለሕዝብ ለቀቀ። ሐሳቡን የገፋው ማይክል ማርከስ የተባለ የኮሚሽኑ ኢንጂነር ነበር። ሞገዶቹ ያልተፈለጉበት ምክንያት አላቸው፤ ከመካከላቸው 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው የማይክሮዌቭ ምድጃ የሚሠራበት ነው። ዛሬም የትናንቱ ወጥ ማይክሮዌቭ ውስጥ ሲሞቅ ስብከቱ የሚቆራረጥበት ቤት ካለ፣ ጥፋቱ የዚያ የቆየ ጉርብትና ነው። የመጀመሪያው ደንብ በ1997 ጸደቀ፤ በ1999 የአፕል ኩባንያ ገመድ አልባ ላፕቶፕ በመድረክ ላይ ሲያሳይ ስቲቭ ጆብስ ኮምፒዩተሩን በፕላስቲክ ቀለበት ውስጥ አሳልፎ ገመድ እንደሌለው ለተመልካች አረጋገጠ። በ2010 አይፓድ ሲመጣ ደግሞ ገመድ መሰኪያ ጭራሽ አልነበረውም። ዋይፋይ ለኮምፒዩተር ምቾት ነበር፤ ለታብሌት ግን እስትንፋስ ሆነ።

ገመድ የነበረው ጥቅም አንድ ነው፤ የቤቱን ግድግዳ ያከብራል። ሞገድ ግን ግድግዳ አያውቅም፣ ኮሪደሩን አልፎ ጎረቤት ቤት ይገባል። ስለዚህ ቁልፍ አስፈለገ። የመጀመሪያው ቁልፍ ዌፕ ይባል ነበር፤ በ2001 የሒሳብ ሰዎች ደካማነቱን አሳዩ፤ ጥቂት ቆይቶም ማንም ጎረምሳ በነፃ ፕሮግራም የሚከፍተው ሆነ። በ2003 ጊዜያዊ ምትክ መጣ፣ በ2004 ደግሞ እስከ ዛሬ በአብዛኛው ቤት የሚሠራው ደብሊው ፒ ኤ 2። ይህኛው በጥሩ የይለፍ ቃል ከተዘጋ ጠንካራ ነው። የሚጠብቀውን ነገር በትክክል ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ቁልፉ የሚጠብቀው ከታብሌቱ እስከ ራውተሩ ያለችውን ጥቂት እርምጃ አየር ነው። ከራውተሩ ወዲያ ያለውን መንገድ፣ ወይም ታብሌቱ ራሱ ውስጥ ያለውን ነገር አይነካም። በስክሪኑ ጥግ የምትታየው ትንሽ የቁልፍ ሥዕል ይህን አትናገርም።

ይህ ልዩነት የቴክኒክ ሰዎች ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር፣ በ2012 መገባደጃ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሆነው ባይሆን ኖሮ።

በፍርድ ቤት መዝገብ «ኪዳኔ» የተባለው ሰው ኢትዮጵያ ተወልዶ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ጥገኝነት አግኝቶ፣ ኋላም ዜጋ የሆነ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ነው። ከአገሩ ፖለቲካ አልራቀም። አንድ ቀን የሚያውቀው ሰው ያስተላለፈለት ኢሜይል ደረሰው፤ አብሮት የዎርድ ሰነድ ነበረ። ከፈተው። ሰነዱ ውስጥ ፊንስፓይ የሚባል፣ ጋማ የተሰኘው የአውሮፓ ኩባንያ ለመንግሥታት ብቻ እሸጠዋለሁ የሚለው የስለላ ሶፍትዌር ተደብቆ ነበር። ከጥቅምት 2012 እስከ መጋቢት 2013፣ አራት ወር ተኩል ያህል፣ ፕሮግራሙ የስካይፕ ንግግሮችን ሲቀዳ፣ የሚጻፉ ኢሜይሎችን ሲገለብጥ፣ በኢንተርኔት የሚፈለገውን ሁሉ ሲመዘግብ ቆየ። ኮምፒዩተሩ የቤተሰቡ ሁሉ ነበርና፣ ክሱ እንደሚለው፣ ከተመዘገቡት ነገሮች መካከል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ልጁ ለታሪክ ትምህርት የቤት ሥራ ያደረገው ፍለጋ ይገኝበታል።

ለምን ራውተሩ አላገደውም? የቤት ራውተር በር ጠባቂ ነው፤ ከውጭ ሳይጠራ የመጣን እንግዳ ይመልሳል። ከውስጥ የሚወጣውን ግን አይጠይቅም፤ የቤት ሰው ነው ብሎ ያምነዋል። ፊንስፓይ ደግሞ ከውጭ አላንኳኳም። አንዴ ሰነዱ ሲከፈት የቤት ሰው ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ከውስጥ ወደ ውጭ እየደወለ የሰበሰበውን ያቀብል ነበር። የይለፍ ቃሉ 8 ፊደል ቢሆን 63 ለውጥ አልነበረውም። ነገሩ በኮምፒዩተር የተወሰነ አይደለም። በ2012 ነሐሴ ተመራማሪዎች ለአይፎንና ለአንድሮይድ መሣሪያዎች የተዘጋጀ የዚሁ ሶፍትዌር ወንድም አግኝተዋል። የአያትየው ታብሌትም ከዚህ ዘመድ የራቀ አይደለም።

የሚደወልለትን ወገን ያገኙት በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሲቲዝን ላብ ተመራማሪዎች ናቸው። መጋቢት 13 ቀን 2013 ባወጡት ጥናት፣ የግንቦት 7 አመራሮችን ፎቶ እንደ ማጥመጃ የሚጠቀም የፊንስፓይ ናሙና መኖሩንና መረጃው የሚላከው አድራሻው የኢትዮ ቴሌኮም ወደሆነ ሰርቨር መሆኑን አሳዩ። በወቅቱ በኢትዮጵያ ሌላ የቴሌኮም ድርጅት አልነበረም። ጥናቱ በወጣ በአምስተኛው ቀን ኪዳኔ ኮምፒዩተር ላይ ያለው ፕሮግራም ራሱን ለማጥፋት ሞከረ። አልተሳካለትም፤ ዱካው ቀረ። ሌባ መብራት ሲበራ ሮጦ ጫማውን ጥሎ እንደሄደ ማለት ነው። ኋላ ማስረጃ የሆነው ያ ጫማ ነው።

ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ ዋና ቢሮው አሌክሳንድሪያ በነበረው የኢሳት ቴሌቪዥን ላይ የደረሰው ደግሞ በሌላ ኩባንያ ዕቃ ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 2013 በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ ቤልጂየምና ሰሜን ቨርጂኒያ ላሉ ሁለት የጣቢያው ሠራተኞች በስካይፕ ፋይል ተላከ፤ የተላከውም ቀድሞ ለጣቢያው ይሠራ በነበረ ሰው ስም ነው። ፋይሉ ሚላን ያለው ሃኪንግ ቲም የሚሸጠው የስለላ ሶፍትዌር ነበር። በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ እንዲህ ያለ ነገር አልተጠቀምንም፣ የምንጠቀምበትም ምክንያት የለም ሲል ለጋዜጣ መለሰ። በ2014 መጨረሻ ሙከራው ተደገመ፤ ከዒላማዎቹ አንዱ የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ንአምን ዘለቀ ነበር። በሐምሌ 2015 ሃኪንግ ቲም ራሱ ተሰብሮ የውስጥ ደብዳቤዎቹ ለዓለም ሲበተኑ፣ በደንበኞቹ መዝገብ ላይ ኢንሳ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ተገኘ። ሰላዩን የሰለለ ሌላ ሰላይ ነበረ ማለት ነው፤ ማንነቱ ለዚህ ታሪክ አያስፈልግም።

ነገሩ ኪዳኔ ላይ ብቻ አያበቃም፤ ስካይፕ ሁለት ጫፍ አለው። ግንቦት 7 በ2011 በኢትዮጵያ ፓርላማ በሽብርተኝነት ተፈርጆ ነበር (ፍረጃው የተነሣው በ2018 ነው)፤ በ2009 የወጣው የፀረ ሽብር አዋጅም ከተፈረጀ ድርጅት ጋር የሚገናኝን ሰው ለረጅም እስር የሚዳርግ ነበር። ሜሪላንድ ያለው ሰው በቤቱ ሶፋ ላይ ሲያወራ፣ ሌላው ጫፍ ላይ አገር ቤት ያለ ሰው ሊኖር ይችላል። በደርግ ዘመን የኖሩ ወላጆች ግድግዳም ጆሮ አለው እያሉ ስልክ ላይ ስለ ዝናብና ስለ ጤና ብቻ የሚያወሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ልጆቻቸው ይህን እንደ ድሮ ሰው ፍርሃት ይስቁበት ነበር። መጋቢት 2013 ላይ ሳቁ ለሽማግሌዎቹ ሆነ፤ የሚያስቅ ነገር ቢኖረው ኖሮ።

የካቲት 2014 ኪዳኔ በኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ጠበቆች አማካይነት የኢትዮጵያን መንግሥት በዋሽንግተን ፌደራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። የጠየቀው ቀላል ነበር፤ በአሜሪካ ሕግ ማንም ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ የሌላን ሰው ንግግር መጥለፍ አይችልም፣ ይህ ግን ተደርጓል። ኢትዮጵያን ወክለው የቀረቡት ጠበቆች የመከራከሪያቸው መሠረት ያለመከሰስ መብት ነበር፦ ሉዓላዊ መንግሥት በሌላ አገር ፍርድ ቤት አይቆምም። ሕጉ ለዚህ መብት የተወሰኑ ቀዳዳዎች አሉት፤ አንዱ ጉዳቱ አሜሪካ ውስጥ የደረሰ እንደሆነ ነው። እዚያው ከተማ ውስጥ ምሳሌ ነበረው፤ በ1976 የቺሊ ወኪሎች የቀድሞውን ሚኒስትር ኦርላንዶ ሌቴሊየርን ሸሪዳን ሰርክል ላይ መኪናው ውስጥ በፈንጂ ሲገድሉት፣ ፍርድ ቤት ቺሊ ተጠያቂ ናት ብሎ ነበር።

ታዲያ ኪዳኔስ? ዳኛ ራንዶልፍ ሞስ በግንቦት 2016 ክሱን ዘጉት፤ ይግባኝ ሰሚውም መጋቢት 14 ቀን 2017 ውሳኔውን አጸና። ምክንያቱ ጥፋቱ «ሙሉ በሙሉ» አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም የሚል ነው። ኮምፒዩተሩ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ሰነዱ የተከፈተው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ጉዳቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ነገር ግን ሐሳቡ የታሰበው፣ ፕሮግራሙም የተዘጋጀው ውጭ ነው። ከሕጉ ፊደል አንጻር ዳኞቹ ያለ መሠረት አልተናገሩም። ከነገሩ ባሕርይ አንጻር ግን ውሳኔው እንግዳ ነው። ሰላዩ በእግሩ መጥቶ መስኮት ሰብሮ ገብቶ ቢሆን ኖሮ፣ የሌቴሊየር ጉዳይ ለኪዳኔ ክርክር ድጋፍ ይሆነው ነበር። አዲስ አበባ ተቀምጦ በዋይፋይ ስለገባ መከላከያ አገኘ። ሕጉ የወጣው በ1976 ነው፤ ያኔ ቤት ማለት በርና መስኮት ነበር።

የሲልቨር ስፕሪንግና የአሌክሳንድሪያ ራውተሮች ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተለውጠዋል፤ በ2018 አዲስ ዓይነት ቁልፍ ወጥቷል፤ መጋቢት 2020 ላይ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ደግሞ ታብሌት ያልነበራቸው አያቶችም ታብሌት አገኙ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል አሁንም በላቲን ፊደል ነው። ክሱ ሲጀመር ከሳሹ ዘመዶቹ እንዳይጎዱበት እውነተኛ ስሙ እንዳይገለጽ ፍርድ ቤቱን ጠይቆ ተፈቅዶለት ነበር። በመዝገቡ ላይ እስከ ዛሬ ያለው «ኪዳኔ» የሚለው ብቻ ነው።