ዋና ከተማ ሊሆን የነበረው አዲስ ዓለም

ከአዲስ አበባ ወጥቶ ትንሽ ከተማ መኖር ይሻላል ወይስ ይጎዳል የሚለውን ክርክር የዛሬ የቤት ኪራይ የወለደው ይመስለናል። ዕድሜው ግን ከመቶ ዓመት ይበልጣል። መጀመሪያ የተከራከሩበትም ዐፄ ምኒልክ፣ መኳንንቱና የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች ናቸው። ክርክሩን ያስነሣው ማገዶ ነበር፤ የታሰበውም መዛወሪያ እኔ ዛሬ የምኖርበት አዲስ ዓለም ነው። እኔ አጠና ነጋዴ ነኝ። የዚህን ከተማ ታሪክ ከዛፍ ለይቼ ማየት የማልችለው ምናልባት ለዚህ ይሆናል፤ ታሪኩ ራሱም ቢሆን ከዛፍ ተለይቶ አያውቅም።

ጥንት ንጉሥ አንድ ቦታ ተቀምጦ አይገዛም ነበር። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ያየው ቤተ መንግሥት በድንኳን የተሠራ፣ እጅግ ብዙ ሰው አስከትሎ ከአገር አገር የሚዛወር ነበር። ሠራዊት የሰፈረበት አገር እህሉም እንጨቱም ቶሎ ያልቃል፤ ሲያልቅ ነቅሎ መሄድ ነው። ምኒልክም ቢሆኑ አዲስ አበባ ላይ ከመርጋታቸው በፊት አንኮበርን፣ ሊቼን፣ እንጦጦን አይተዋል። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃውን ወደው በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ግርጌ ቤት ካሠሩ በኋላ ከተማው ወደ ታች ወረደ፤ ከ1888ቱ የአድዋ ድል ወዲህ ደግሞ ሰው ጎረፈበት። እያንዳንዱ መኰንን ለራሱና ለተከታዩ ሰፊ ግቢ አጠረ። እንጀራው፣ ወጡ፣ ጠላው፣ ጠጁ የሚሰናዳው በእንጨት ነው፤ ቤቱም አጥሩም እንጨት ነው። የእንጦጦ ጽድና ወይራ ብዙም ሳይቆይ ተመነጠረ። እንጨት ለቃሚዋም፣ አህያ ነጂውም መንገዳቸው ከዓመት ዓመት እየራቀ ሄደ።

ንጉሠ ነገሥቱም እንደ አባቶቻቸው አሰቡ፤ እንጨት ካለቀ ከተማ ይነሣል። በ1893 ዓ.ም. ግድም ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ያለችውን የኦሮሞ አገር ኤጄሬን መረጡና አዲስ ዓለም አሏት። ምርጫው ጥሩ ነበር። ዙሪያው ደን፣ ውኃውም ቅርብ፣ ሜዳው ለሠራዊት የሚበቃ፣ ወደ ወለጋ ለሚወስደውም መንገድ የተመቸ ነው። ኮረብታው ላይ ቤተ መንግሥት ተጀመረ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድም ተጠርጎ በአገሪቱ በዘመናዊ ዘዴ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ መንገዶች አንዱ ሆነ።

ታዲያ ምን አስቀረው? አንደኛው የሰው ነገር ነው። የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች አዲስ አበባ ላይ መሬት ተሰጥቷቸው፣ ገንዘብ አፍስሰው መሥራት ጀምረዋል፤ ይህን ትተን እንደገና አንጀምርም ብለው አንገራገሩ። መኳንንቱም ግቢያቸውን አደላድለዋል። አራዳ ሱቅ የከፈተው አርመን፣ ግሪክና ሕንድ ነጋዴም ደንበኛውን ጥሎ አይሄድም። ድንኳን ይነቀላል፤ የድንጋይ ቤት አይነቀልም። እኔ እንደማስበው የተንቀሳቃሽ ከተሞች ዘመን ያበቃው በዐዋጅ ሳይሆን በዚህ ነው።

ሁለተኛው ባሕር ዛፍ ነው። ሞንዶን ቪዳይሌ የተባለ ፈረንሳዊ በ1887 ዓ.ም. ግድም እንዳስገባው ይነገራል። ቤተ መንግሥቱ ችግኙ በርካሽ እንዲታደል፣ የተከለም ሰው ግብር እንዲቀለው አደረገ። ጽድ አንድ የሰው ዕድሜ ይፈልጋል፤ ባሕር ዛፍ ግን በአምስት ስድስት ዓመት ለቤት ይደርሳል፤ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ደግሞ ይቆረጣል፣ ደግሞ ያቆጠቁጣል። አዲስ አበባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የጠፋባትን እንጨት በየጓሮዋ አበቀለች። ከተማውን ወደ እንጨቱ ሊወስድ የተሠራው የአዲስ ዓለም መንገድም እንጨቱን ወደ ከተማው የሚያመጣ ሆነ። ዛፉ ውኃ ይጨርሳል፣ መሬት ያደርቃል የሚለው ስሞታም ያኔውኑ ተነሥቷል፤ በምኒልክ ዘመን መጨረሻ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በሌላ ዛፍ ይተካ የሚል ትእዛዝ እስከ መውጣት ደርሶ ነበር። የነቀለ ግን ብዙም አልነበረም።

ኮረብታው ላይ የተጀመረው ቤተ መንግሥት ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። ደብረ ጽዮን ማርያም ናት፤ በአክሱም ጽዮን አምሳል የከበረች። ውስጧ በሥዕል ያሸበረቀ ነው፤ በሙዚየሟም የዚያ ዘመን ነገሥታት ያበረከቷቸው ንዋያት ይገኛሉ። ከአዲስ አበባ ለጉብኝት የሚመጣ እንግዳ ሲኖረኝ መጀመሪያ የምወስደው እዚያ ነው። ዋና ከተማ ለመሆን ታስቦ የነበረው ነገር ሁሉ በዓይን የሚታየው በዚያ ግቢ ነው።

ከዚያ በኋላ ታሪክ በአዲስ ዓለም መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ አልፏል። በጥር 1927 ዓ.ም. በስዊድን መኰንኖች አሠልጣኝነት ሆለታ ላይ የተከፈተው የገነት ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኰንኖች በጣሊያን ወረራ ጊዜ ወደ ምዕራብ ሄደው ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ሆነው ተዋግተዋል። አዲስ ዓለም ግን እነዚያን ዓመታት ሁሉ ያሳለፈችው ለአዲስ አበባ እንጨት እያቀረበች፣ በገበያ ቀኗ እህልና ቅቤ እየሸጠች ነው።

ስለ እንጨቱ ትንሽ ልበል። አዲስ አበባ አጠና ተራ ተደርድሮ የምታዩት እንጨት ሲቆረጥ አንድ ዓይነት ነው፤ ስም የሚወጣለት ሲለይ ነው። ቀጭኑ ማገር ይሆናል፣ መካከለኛው ወራጅ፣ ወፍራሙ ቋሚ። ቅርፊቱ በእርጥብነቱ ካልተላጠ በኋላ እጅ ያስቸግራል። ሳይደርቅ የተመታ ቋሚ ይጎብጣል፤ ግድግዳውንም ይዞት ይጎብጣል። መሬት የሚገባውን ጫፍ ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀቡታል ወይም በእሳት ይለበልቡታል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ማደር አለበት፤ ቶሎ የተመረገ ቤት ሲደርቅ ይሰነጣጠቅና ሁለተኛ ምርግ ይጠይቃል። በአዲስ አበባ ስንት ሰፈር የቆመው እንዲህ ባለ ቤት ነው! የፎቁም ግንባታ ቢሆን ለብዙ ዘመን መወጣጫው አጠና ነበር። አሁን ብዙው ወደ ብረት እየዞረ ነው።

እኔም ወደዚህ የተዛወርኩት ንግዱ ሲጠብ ነው። ኮልፌ ለሁለት ክፍልና ለጠባብ የእንጨት ማከማቻ እከፍለው የነበረው ኪራይ እዚህ ሙሉ ግቢ አስገኘልኝ። ባለቤቴ ጌሾና ጎመን ተከለች። እንጀራ የምትጋግረው መብራት ሲኖር በምጣዱ፣ ሲጠፋ በባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፤ ቅጠሉ በነፃ ነው። ወተቱ ከጎረቤት ላም ነው። ልጆቹ ደጅ ወጥተው ሲጫወቱ ልቤ አይሰቀልም። ይህ ሁሉ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ አላሳንሰውም።

ጉዳቱም እውነተኛ ነው። ቧንቧው በተራ ነው የሚመጣው፤ በርሜል የሌለው ሰው እዚህ አይኖርም። ሌሊት ሰው ቢታመም መኪና ፈልጎ ወደ አምቦ ወይም ወደ አዲስ አበባ መሮጥ ነው። ማታ ከአስኮ መናኸሪያ የመጨረሻው መኪና ካመለጠ አዳር ነው። ከሁሉ የጎዳኝ ግን እድር ነው። እድር እንደ ቁም ሳጥን አይሱዙ ላይ ተጭኖ አይመጣም። የኮልፌ እድራችን ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ለቀስተኛውም አብሮን የኖረ ነበር። እዚህ መግቢያ ከፍለን ብዙም ሳንቆይ አክስቴ ዐረፈች። ከኮልፌ የመጡት ጥቂቶች ነበሩ፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ አልፈርድባቸውም። በዚያች ማታ ግቢዬን የሞሉት ገና ስማቸውን በቅጡ ያልያዝኳቸው ሰዎች ነበሩ። ዛፍ የሚሸጥልኝ ገበሬ ከነቤተሰቡ መጣ፤ ሚስቱ ንፍሮ ቀቅላ ይዛ ነበር፤ እሱም ሦስቱን ሌሊት በር ላይ ካለው እሳት አልተነሣም።

የዚህን ሰው ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ስለ መዛወር ሲወራ የሚረሳው እሱ ነውና። ለምን ማሳህን ባሕር ዛፍ አደረግኸው ብዬ ስጠይቀው «ጤፍ ዓመቱን ያበላኛል፤ ባሕር ዛፍ ግን ልጅ ይድርልኛል» አለኝ። ማዳበሪያ አይጠይቅም፣ በሬ አይፈልግም፣ አንዴ ሲቆረጥ ጠቀም ያለ ገንዘብ ያመጣል። ከዛፉ ሥር ግን ሣር አይበቅልም፤ የጎረቤቱ ገብስ ከድንበሩ አጠገብ አጥሮ ይቀራል፤ በዚህ ነገር ጎረቤት ከጎረቤት ሲካሰስ አይቻለሁ። ይህ ዋጋ በአጠናው ዋጋ ውስጥ አይታሰብም። እኔ ነጋዴ ብሆንም ይህ ትክክል ነው ብዬ አላምንም።

መሬቱም እንዲሁ ነው። በምኒልክ ዘመን ኤጄሬ ለከተማነት ስትመረጥ አራሹን የጠየቀው የለም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የአዲስ አበባንና የዙሪያዋን የኦሮሚያ ከተሞች የሚያቀናጅ ማስተር ፕላን ሲመጣ ገበሬው መሬቴን ሊወስዱብኝ ነው አለ። የኅዳር 2008 ዓ.ም. ተቃውሞ የተነሣው ከእኛ በስተምዕራብ ባለችው ጊንጪ ነው። ብዙ ሰው ሞተ፤ በጥር ወር ዕቅዱ ተሰረዘ። እዚህ መጥቶ ርካሽ መሬት አገኘሁ የሚል ሰው ርካሽ የሆነው ለማን እንደሆነ ሊጠይቅ ይገባል። የጎረቤቴ አባት ያርሱት የነበረው ቦታ ዛሬ የቆርቆሮ አጥር ነው፤ ካሣው ያለቀው ልጆቹ ሥራ ሳይዙ ነው።

ቋንቋውም አንድ ነገር ነው። የመንግሥት ቢሮው ሥራ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ በወረቀቱም ላይ ከተማዋ ኤጄሬ ናት። ልጆቼ በአንድ ክረምት ለመዱት። እኔ ከገበያ ጀምሬ፣ አጠና እየቆጠርኩ ተማርኩ፤ አሁን ዋጋ ስከራከር ያለ አስተርጓሚ ነው።

ለመምጣት የምታስቡ ሰዎች ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ ያለኝን ፍርድ ልስጥ። እንጀራችሁ አዲስ አበባ ከሆነና በየማለዳው አስኮ መድረስ ካለባችሁ አትምጡ፤ በኪራይ ያተረፋችሁትን መንገዱ ይወስደዋል። ሥራችሁን ይዛችሁ መምጣት የምትችሉ ከሆነ ኑ፣ አትጸጸቱም። ከደላላ ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት ቦታውን ማን ያርሰው እንደነበረና ካሣውን በትክክል ማግኘቱን ከራሱ አፍ ስሙ። በርሜል ግዙ፣ አፋን ኦሮሞ ጀምሩ፣ የመጀመሪያው ወር ሳያልቅም እድር ግቡ።