ሾተላይና የደም ምስጢር

እየፀነሰች ልጅ የማያድግላት ሴት በአገራችን «ሾተላይ አለባት» ስትባል ኖራለች። ሾተላይ ዓይን የማያየው መንፈስ ነው ተብሎ ይታመን ስለ ነበረ፥ እናቲቱ በኀዘኗ ላይ ሌላ ሸክም ይጨመርባት ነበር፤ የልጆቿ ሞት ጥፋት ሆኖ በእርሷ ላይ ይቈጠርባታልና። ዛሬ ግን ይኸው ስም የእናትና የጽንስ ደም ባለመስማማቱ ለሚመጣው ደዌ መጠሪያ ሆኖአል። እርግጥ ነው፥ ጽንስ የሚጠፋበት ምክንያት ብዙ ስለ ሆነ ሁሉንም ለዚህ ደዌ መስጠት አይገባም። ነገር ግን የሰው ልጅ በማኅፀን ያለውን ሕፃን መመርመርና ማከም እንዴት እንደ ጀመረ የዚህ ደዌ ታሪክ ስለሚያስረዳ፥ ባጭሩ ልናቀርበው ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1939 ዓ.ም. በኒውዮርክ ሌቪንና ስቴትሰን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የአንዲትን እናት ታሪክ ጽፈው አወጡ። ሴትዮዋ የሞተ ልጅ ከወለደች በኋላ የባሏ ደም ተሰጣት፤ የሁለቱ ደም በዚያን ጊዜ በሚታወቀው ምደባ አንድ ዓይነት ሲሆን፥ ሰውነቷ ግን ሳይቀበለው ቀርቶ ታመመች። በማግሥቱ ዓመት ላንድስታይነርና ዊነር ሬሰስ በሚባለው ጦጣ ደም ሲመራመሩ ያገኙትን ውጤት ገለጹ፤ «አርኤች» የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ነው። ከዚህ በኋላ ምስጢሩ ተገለጠ። እናት አርኤች ነጋቲቭ፥ አባት አርኤች ፖዘቲቭ ሲሆኑ፥ ሕፃኑ የአባቱን ደም ሊወርስ ይችላል። በወሊድ ጊዜ ከሕፃኑ ደም ጥቂት ወደ እናቱ ሲገባ፥ የእናቲቱ ሰውነት እንደ ባዕድ ቈጥሮ የሚዋጋውን ኃይል ያዘጋጃል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በደኅና ይወለዳል፤ በኋላ የሚፀነሱት ግን በእንግዴ ልጅ በኩል በሚያልፈው በዚያ ኃይል ቀይ የደም ሕዋሶቻቸው ይፈርሳሉ። እንግዲህ ጥፋቱ የእናትም የአባትም አልነበረም፤ የሁለት ደም መገናኘት ነበር እንጂ።

ምክንያቱ ቢታወቅም መድኃኒቱ ወዲያው አልተገኘም። በ1940ዎቹ ዓመታት የተወለደውን ሕፃን ደም በሌላ ደም መለወጥ ተጀመረ፤ ብዙዎችም ዳኑ። ይህ ግን በሕይወት ለተወለደው ብቻ ነበር። በማኅፀን ሳለ ደሙ ያለቀበትን ማን ይድረስለት? ያለ ጊዜው እንዲወለድ ቢደረግ ሳንባው ሳይጠና ይሞታል፤ ቢቈይ ደግሞ ደዌው ይቀድመዋል። ሐኪሙ ሕፃኑን ስለማያየው የሚፈርደው በግምት ነበር።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ቤቪስ የተባሉ ሐኪም ከእንሽርት ውኃ በመርፌ ቀድተው መረመሩ። የፈረሰው ደም ውኃውን ቢጫ ያደርገዋል፤ የደዌውም ብርታት ከቀለሙ ይታወቃል። በኒውዚላንድ በኦክላንድ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ዊልያም ላይሊ ይህን ዘዴ አሻሻሉት፤ ቀለሙን በብርሃን መሣሪያ እየለኩና ከእርግዝናው ሳምንት ጋራ እያመዛዘኑ፥ የትኛው ሕፃን መቈየት እንደሚችል፥ የትኛው ቶሎ መወለድ እንዳለበት የሚያሳይ ሠንጠረዥ በ1961 አወጡ።

ነገር ግን ይህ ዕውቀት አዲስ ኀዘን አመጣ። ሠንጠረዡ ከአንዳንዶቹ ሕፃናት ላይ ሲደርስ፥ ለመወለድ ጊዜያቸው ገና፥ ለመቈየትም ዐቅም የሌላቸው መሆናቸውን ይናገር ነበር። ፍርዱን ማወቅ ብቻ እንጂ ማስለወጥ አልተቻለም። ዶክተር ላይሊ በዚህ ሊረኩ አልቻሉም። በዚሁ ጊዜ በአፍሪካ ሠርቶ ከመጣ አንድ እንግዳ ተመራማሪ፥ በደም ማነስ የሚሠቃዩ ሕፃናት ደም በሆዳቸው ዕቃ ክፍት ስፍራ እየተሰጣቸው እንደሚረዱ ሰሙ። በዚያ የፈሰሰው ደም ቀስ በቀስ ወደ ደም ሥር ይገባል። ታዲያ በማኅፀን ላለው ሕፃን ይህ ስለ ምን አይሆንም?

ዶክተሩ በእንሽርት ውኃው ውስጥ በራጅ የሚታይ መድኃኒት አስገቡ፤ ሕፃኑም በዋጠው ጊዜ አንጀቱ በራጅ ሥዕል ላይ ተለይቶ ታየ። መርፌው የሚያመራበት ምልክት ይህ ሆነ። በእናቲቱ ሆድና ማኅፀን በኩል ረዥም መርፌ አሳልፈው፥ በሕፃኑ ሆድ ዕቃ ውስጥ ቀይ የደም ሕዋሳት አፈሰሱ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሙከራዎች አልተሳኩም። በመስከረም ወር 1963 የተደረገው አራተኛው ግን ሰመረ፤ ሕፃኑም በሕይወት ተወለደ።

ይህን ስናነብ ዋጋውን ልንዘነጋ አይገባንም። አንድ መርፌ በሁለት ሰው ሥጋ ያልፋል፤ አንደኛዋ ፈቃዷን ሰጥታለች፥ ሁለተኛው ግን መናገር የማይችል ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ደፋርና ፈሪ መሆን ነበረበት፤ ሞት የተቈረጠለትን ለማዳን ደፋር፥ ሊድን የሚችለውን ላለመጉዳት ፈሪ። ሠንጠረዡ የቀደመው መርፌም የተከተለው መሆኑ ትክክለኛው ሥርዓት ነበር።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ሰፋ። በ1981 በሳን ፍራንሲስኮ ዶክተር ማይክል ሃሪሰንና ባልደረቦቻቸው የሽንት መውጫው የተዘጋበትን ጽንስ ለማከም ማኅፀን ከፍተው ቀዶ ጥገና አደረጉ። በ1980ዎቹም በአልትራሳውንድ እየታየ ደምን በቀጥታ ወደ እትብት ደም ሥር መስጠት ተለመደ። በ2000 ደግሞ በጽንሱ አንጐል የሚሮጠውን ደም ፍጥነት በድምፅ ሞገድ በመለካት የደም ማነስን ማወቅ እንደሚቻል ተረጋገጠ፤ ለምርመራ ሲባል መርፌ መውጋትም እየቀረ ሄደ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ደዌው አስቀድሞ እንዳይነሣ መከልከሉ ነው። በሊቨርፑልና በኒውዮርክ የተደረጉት ምርምሮች ፍሬ አፍርተው፥ ከ1968 ጀምሮ «አንቲ ዲ» የተባለው መርፌ በሥራ ላይ ዋለ። አርኤች ነጋቲቭ የሆነች እናት አርኤች ፖዘቲቭ ልጅ በወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ ብትወጋ፥ ሰውነቷ የሕፃኑን ደም መዋጋት ሳይማር ይቀራል። በዚህ ምክንያት የዶክተር ላይሊ ጥበብ የሚያስፈልጋቸው እናቶች በጣም አነሱ። ለብልሃተኛ ሐኪም ከዚህ የበለጠ ክብር ያለ አይመስለንም፤ ሥራው አስፈላጊ እንዳይሆን ማድረግ የመልካም ጥበብ ፍጻሜ ነውና።

ሆኖም መርፌው በዓለም ላይ ገና ለብዙ እናቶች አልደረሰም፤ ደሟ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ሳታውቅ የምትወልድም አለች። እንግዲህ ነፍሰ ጡር ሴት በእርግዝናዋ መጀመሪያ ደሟን ትመርመር፤ ባልም አብሮ ይመርመር። አባቶቻችን ለማያዩት ጠላት ስም አወጡለት፤ እኛ ደግሞ መልኩን አውቀናል። መልኩ ከታወቀ በኋላ ልጅ ያጣችን እናት በሾተላይ ስም መውቀስ፥ ከሾተላዩ ይልቅ የእኛ ጥፋት ይሆናል።