በፓሪስ የት እንደር?

ወደ ፓሪስ የሚያቀኑ ወዳጆቼ ሁሉ የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «የትኛው ሰፈር ብናርፍ ይሻለናል?» ይላሉ። የሚጠብቁት መልስም የታወቀ ነው፤ ለሜትሮ የሚቀርብ፣ ኪስ የማይጎዳ፣ ሌሊት ጸጥ የሚል ቤት። ይህን ማንም የጉዞ ወኪል ይነግራቸዋል። እኔ ግን የፖለቲካ ታሪክ ሱስ የያዘኝ ሰው ነኝና ጥያቄውን በጥያቄ እመልሳለሁ፤ ለመሆኑ በምታድሩበት ቤት ከእናንተ በፊት ማን አድሮበታል? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የጀርመን ጦር በጁን 14 ቀን 1940 ፓሪስ ሲገባ በመጀመሪያ የፈለገው ቤተ መንግሥት ሳይሆን ቢሮ ነበር። ትልልቆቹ ሆቴሎች ደግሞ በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ ክፍል፣ ስልክ፣ ማሞቂያ፣ ወጥ ቤትና የሠለጠነ አስተናጋጅ አሟልተው የያዙ ናቸው። ለወራሪ መንግሥት ከዚህ የበለጠ ምን ይመቻል? ሪትዝ በከፊል ለአየር ኃይሉ ሹማምንት ሆነ። ሞሪስ የከተማዋ አዛዥ መቀመጫ ሆነ፤ የመጨረሻው አዛዥ ጄኔራል ፎን ኮልቲትዝ ኦገስት 25 ቀን 1944 የተማረከውም እዚያው ነው። በክሌቤር ጎዳና ያለው ማዤስቲክ በ1919 የሰላም ጉባኤ ጊዜ የእንግሊዝ ልዑካን ያረፉበት ቤት ነበር፤ በ1940 በፈረንሳይ የጀርመን ወታደራዊ አስተዳደር ዋና መሥሪያ ቤት ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ እስከ 1958 ዩኔስኮ ገባበት፤ በ1973 የቬትናም የሰላም ስምምነት ተፈረመበት፤ ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ፔኒንሱላ የተባለ የቅንጦት ሆቴል ነው። የአንድ ምዕተ ዓመት የዓለም ፖለቲካ በአንድ በር ገብቶ ወጥቷል ማለት ይቻላል።

እኔን ይበልጥ የሚያብሰለስለኝ ግን ከሴን ወንዝ በስተግራ፣ በቡልቫር ራስፓይ የሚገኘው ሉቴሲያ ነው። ሆቴሉ የተከፈተው በ1910 ሲሆን የሠሩትም የጎረቤቱ ትልቅ መደብር የቦን ማርሼ ባለቤቶች ናቸው፤ ከክፍለ ሀገር ለገበያ የሚመጡ ባለጸጋ ደንበኞቻቸው ማደሪያ እንዲያገኙ በማሰብ ነበር።

በ1935 እና በ1936 ከሂትለር የሸሹ ጀርመናውያን በዚህ ቤት ተሰበሰቡ። ደራሲው ሃይንሪሽ ማን ሰብሳቢ ሆኖ ሶሻል ዴሞክራቶችን፣ ኮሙኒስቶችንና ሌሎችንም በአንድ ግንባር ለማሰለፍ ተሞከረ፤ ስሙም የሉቴሲያ ኮሚቴ ተባለ። ብዙም አልቆየ፤ በጥርጣሬና በእርስ በርስ ሽኩቻ ፈረሰ። (ስደተኛ ፖለቲከኞች በሆቴል አዳራሽ ኅብረት መሥርተው ብዙም ሳይቆዩ መበተናቸው ለእኛ አንባቢ እንግዳ ወሬ አይደለም።) አራት ዓመት ሳይሞላ ያ ሆቴል የአብቬር፣ ማለትም የጀርመን ጦር የስለላ ድርጅት መቀመጫ ሆነ። ከቡልቫሩ ማዶ ደግሞ ካፒቴን ድሬይፉስ በ1894 የታሰረበት የሼርሽ ሚዲ ወህኒ ቤት ነበር፤ በወረራው ዘመን አርበኞች የታጎሩትም እዚያ ነው። ወህኒ ቤቱ በ1966 ፈርሶ ዛሬ በቦታው የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪዎች ሕንፃ ቆሟል። ሰላዩ ከለጋ አልጋው ተነሥቶ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ወደ እስረኛው ለመሄድ መንገድ መሻገር ብቻ ይበቃው ነበር።

ከዚያ 1945 መጣ። ከኤፕሪል እስከ ኦገስት ሉቴሲያ ከናዚ የማጎሪያ ካምፖች የተረፉ ሰዎች መቀበያ ሆነ። በአውቶቡስ እየተጫኑ ይደርሳሉ፤ የቅማል ማጥፊያ ዱቄት ይነፋባቸዋል፤ ሐኪም ያያቸዋል። ከተመላሾቹ ጋር ተመሳስለው የሚገቡ የጠላት ተባባሪዎች ስለነበሩ እያንዳንዱ ሰው ማንነቱን ይጠየቃል። መሬት ላይ መተኛት የለመደ ሰው የሐር መጋረጃ ያለው ክፍል ይሰጠዋል። ከደጅ ደግሞ ቤተሰቦች የጠፋባቸውን ሰው ፎቶግራፍና ስም በሰሌዳ ላይ ለጥፈው ይጠብቃሉ፤ በር ለዘለቀ ሁሉ ፎቶግራፍ እየዘረጉ አይተኸው እንደሆነ ይለምናሉ። ከፈረንሳይ የተጋዙት አይሁድ 76,000 ያህል ነበሩ፤ የተመለሱት 2,500 ገደማ ናቸው። ከሰሌዳው ፊት ከቆሙት አብዛኞቹ የጠበቁት ሰው አልመጣም።

ዛሬ በሆቴሉ ግድግዳ ላይ ይህን የሚያወሳ ጽላት አለ። የተመለሱትን ደስታና በከንቱ የጠበቁትን ሐዘን ያነሣል፤ ከዚያ በፊት ስለነበሩት አራት ዓመታት ግን ዝም ይላል። ሆቴሉን ለመክሰስ አይደለም፤ ቤቱ በወራሪ ትእዛዝ የተወሰደ ነው። ነገር ግን ዝምታው የሆቴሉ ብቻ አልነበረም። በጁላይ 16 እና 17 ቀን 1942 ፓሪስና አካባቢዋ ውስጥ 13,152 አይሁድ ሲታፈሱ (4,115ቱ ሕፃናት ነበሩ) ያፈሳቸው የፈረንሳይ ፖሊስ ነው። ሆኖም ፕሬዚዳንት ሚተራን ጭምር የቪሺ መንግሥት ሪፐብሊኩ አይደለም በማለት የመንግሥትን ኃላፊነት ሳይቀበሉ ሥልጣናቸውን አስረከቡ። ዣክ ሺራክ ኃላፊነቱን በይፋ የተቀበሉት በጁላይ 1995 ነው፤ ከ53 ዓመት በኋላ።

እንግዲህ የት ይታደር? ሉቴሲያ ከ2014 ጀምሮ ተዘግቶ፣ ታድሶ በ2018 ተከፍቷል፤ የአንድ ሌሊት ሒሳቡ እንደ እኔ ላለ ሰው አይቀመስም። የኔ ምክር በስድስተኛው ወይም በአሥራ አራተኛው ወረዳ አነስተኛ ማደሪያ ፈልጋችሁ፣ በማግስቱ ጠዋት ሴቭር ባቢሎን በተባለው የሜትሮ ጣቢያ እንድትወርዱ ነው። ጽላቱን አንብቡ፤ ከዚያ ከፊት ለፊቱ ባለው የቡሲኮ መናፈሻ ተቀምጣችሁ ሕንፃውን እዩት፤ ለዚህ የሚከፈል የለም።

ጊዜ ከተረፋችሁ ከከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ ወደምትገኘው ወደ ድራንሲ ዝለቁ። በ1930ዎቹ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች ታስቦ የተጀመረው የሙዌት መኖሪያ መንደር ከ1941 እስከ 1944 የእስር ካምፕ ነበር፤ ከተጋዙት አይሁድ አብዛኞቹ ወደ አውሽቪትዝ የተላኩት ከዚያ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ያው ሕንፃ እንደገና መኖሪያ ተደረገ። አሁንም ኪራይ የሚከፍሉ ቤተሰቦች ይኖሩበታል፤ በመስኮታቸው ልብስ ተሰጥቶ ታያላችሁ። ከመንገዱ ማዶ በ2012 የተከፈተ መታሰቢያ አለ። ግማሽ ቀን ይበቃል።

ቸር እንሰንብት።