ጉዲፈቻና የወላዲቱ ፈቃድ

ለሌላ ሰው አርግዞ የመውለድ ጉዳይ፣ በልማድ «የማኅፀን ኪራይ» የሚባለው (ስሙ ራሱ የሚቀፍ ነው)፣ ለኢትዮጵያ ፍጹም እንግዳ መስሎ ይታያል። ሆኖም በጎባና በሮቤ ዙሪያ ባለው የባሌ ደጋ፣ እንደ ሌላው የኦሮሞ አገር ሁሉ፣ አንዲት የወለደችውን ልጅ ሌላዋ የምታሳድግበት የጉዲፈቻ ሥርዓት የቆየ ነው። የሁለቱ ወገኖች ስምምነት በሽማግሌዎች ፊት ይጸናል፤ ልጁም ከአብራክ እንደ ተከፈለ ልጅ ተቈጥሮ ይወርሳል። ሕጉ በአማርኛ የሚጠራበት ቃል እንኳ ከዚሁ ሥርዓት የተገኘ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ገና በማኅፀን ያለ ልጅ በጉዲፈቻ ሊሰጥ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ነገር ግን እናቲቱ ከወለደች በኋላ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ስምምነቱን ልታፈርስ ትችላለች። ልጅዋን ሳታይ የሰጠችው ቃል ካየችው በኋላ እንዳያስራት መሆኑ ነው።

በአሜሪካ ይህ ጥያቄ የተነሣው በክርክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የተወለደችውን «ቤቢ ኤም» የተባለች ሕፃን ለማስረከብ እናቲቱ በ10,000 ዶላር ተዋውላ ነበር፤ ከወለደች በኋላ ግን እምቢ አለች። የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1988 ውሉ ፈራሽ ነው ሲል ወሰነ፤ ሕፃኗ በአባቷ ዘንድ ብትቀርም የእናትነት መብቷን መለሰላት።

እርሷ ግን ያረገዘችው ከገዛ እንቁላልዋ ነበር። የሌላ ሴት እንቁላል በማኅፀንዋ ያደረገችውስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ የ1992ቱ ሕግ እናትነት የሚታወቀው በመውለድ ብቻ ነው ይላሉ። እንግዲህ በዚህ ድንጋጌ እናት የምትባለው ያማጠችው ናት፤ የእንቁላሉ ባለቤት የምትመጣው እንደ ጉዲፈቻ ጠያቂ ነው።