አሮጌ የጭቃ ቤት ገዝታችኋል? ከቀለም በፊት ምስጡን ፈልጉ

ከነቀምቴ እስከ ቢላ ባሉ የወለጋ ከተሞች ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ቤት በባሕር ዛፍ ቆሞ በጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ አሮጌ ቤት ነው። ካርታው በስም እንደዞረ ሩጫው ወደ ቀለም ነው። እኛ ግን ከታች ጀምሩ እንላለን። ምዕራብ ወለጋ በምስጥ የታወቀ አገር ነው፤ ምስጥ ደግሞ እንጨቱን ከውስጥ ጨርሶ ላዩን ደህና አስመስሎ ይተወዋል።

1. ቋሚ፦ ከመሬት እስከ ጉልበት ያለውን ክፍል በመዶሻ መታ መታ አድርጉ። ባዶ ድምፅ ከሰጠ በካቻቢቴ ወጉት፤ ሰተት ብሎ ከገባ ያ ቋሚ አልቋል። በበር መቃን ወይም በጣራው እንጨት ላይ የሚሄድ ቀጭን የአፈር መስመር ካያችሁ የምስጥ መንገድ ነው። መስመሩን መጥረግ ብቻ አይበቃም፤ ዋናው መንጋ ያለው አፈር ውስጥ ነው።

2. ቅየራ፦ ጣራውን ደግፋችሁ የተበሉትን ቋሚዎች አንድ በአንድ ቀይሩ። አዲሱን አፈር ውስጥ አትቅበሩት፤ በድንጋይና ሲሚንቶ መሠረት ላይ ቆሞ በብረት ይታሰር። የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፣ ግን ብቻውን መተማመኛ አይሆንም።

3. ውሃ፦ እርጥበት ምስጥንም ብስባሽንም ይጠራል። የላሉ ሚስማሮችን አጥብቁ፣ አሸንዳ አስገጥሙ፣ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ቆፍሩ። ቆርቆሮ ስትገዙ ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ እንደሚጨምር አትርሱ፤ 28 ጌጅ ከ32 ይወፍራል።

4. ምርጊት፦ የተሰነጠቀውን ጭድ ገብቶበት በደንብ በቦካ ጭቃ ድፈኑ። ሲሚንቶ በቀጥታ ጭቃ ላይ ከተለሰነ ይሰነጠቃል፣ ይላቀቃል።

5. መብራት፦ ኮርኒስ ውስጥ የተላጠ ገመድ ካለ ባለሙያ ይቀይረው። በእንጨት ቤት ይሄ ቀልድ አይደለም።

መቼ ይሠራ? ከኅዳር እስከ ጥር። ዝናቡ ቆሟል፣ ምርጊቱ ይደርቃል፣ ከጤፍ ውቂያ በኋላ ጭድም አይጠፋም። ግድግዳ ማፍረስ ወይም ክፍል መጨመር ካሰባችሁ ግን አስቀድማችሁ ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ።

ብሩ ካልበቃስ? ዘንድሮ ቋሚና ጣራ፣ ለከርሞ ምርጊት። ቀለሙ ይቆይ፤ ቀለም ያልተቀባ ቤት አይወድቅም፣ ቋሚው የተበላ ግን ይወድቃል።

ቤት ለመግዛት ላሰበ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት፤ ሳይገዛ በፊት መዶሻና ካቻቢቴ ይዞ ቢሄድ ይጠቅመዋል።