ሃላቃ፣ ገባር፣ ወጋጎዳ፦ የሦስት ቃላት ታሪክ ከዶርዜ አንጻር

የሕግና የፖለቲካ ቃላትን የሚያሰናዳ የመዝገበ ቃላት ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ለአዲስ ሐሳብ አዲስ ስም ስለ ማውጣት ነው። ይሁን እንጂ አንድ ቃል በሁለት አገር ሁለት የተለያየ ሐሳብ ይዞ ሲገኝ የሚፈጠረው ችግር ከዚህ አያንስም። ከአርባ ምንጭ በላይ፣ በጋሞ ደጋ የምትገኘው ዶርዜ ለዚህ በቂ ምስክር ናት።

በዶርዜ የአገር ጉዳይ የሚመከረውና ጠብ የሚታረቀው ዱቡሻ በሚባለው የጉባኤ ሜዳ ነው። ጉባኤው የሚመራበት ሥርዐት ወጋ ይባላል፤ ይህም ከአማርኛው «ወግ» ጋር ይቀራረባል። ሃላቃ የሚባለው ሹም በጉባኤ የሚመረጥ፣ ለአገሩ ሰው ድግስ የሚያበላና የጉባኤውን ቃል የሚያስፈጽም ነው። ድምፁ «አለቃ»ን ስለሚመስል ተርጓሚው በቀላሉ ይሳሳታል። አለቃ ግን በአማርኛ ከበላይ ተሹሞ የበታቾቹን የሚያዝ ነው። ስለዚህ ሃላቃን «አለቃ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ምርጫውን ከትርጉሙ ውስጥ አውጥቶ ይጥለዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3347 እርሱ በሚመለከታቸው ጉዳዮች ቀድሞ ይሠራበት የነበረውን ልማዳዊ ሕግ በጠቅላላው ሽሯል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተ ሰብ ጉዳይ በባህላዊ ሕግ እንዲዳኝ በር ከፍቷል። ይህ ሲሆን «ሕግ» የሚለው ቃል ስፋቱ ሁለት ጊዜ ተለዋውጧል ማለት ነው።

ሁለተኛው ቃል «ገባር» ነው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ገባር ማለት በአብዛኛው ርስት ያለው፣ ስለ ርስቱም ግብር የሚከፍል ባላገር ነበረ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የምኒልክ ጦር ጋሞን ከያዘ በኋላ ግን በዚህ አገር ገባር የተባለው በቍጥር ለወታደርና ለሹም የተመደበ፣ እህሉንና ጉልበቱን የሚያቀርብ ሰው ነው። አንዱ በመብቱ ሲጠራበት ሌላው በሸክሙ ተጠራበት። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ የባለ መሬትና የጭሰኛ ግንኙነት ተሽሯል፤ በአካባቢዎች መካከል የተፈጠረው የሀብት ልዩነት ግን በአንድ አዋጅ አልጠፋም። መሬት የጠበበው የዶርዜ ሰው መወርወሪያውን ይዞ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ገባ፤ ለመስቀልም ወደ አገሩ ይመለሳል። ከሌሎች የጋሞ አገሮች የመጣው ሸማኔ እንኳ በከተማው «ዶርዜ» መባሉ የአንድ አገር ስም የሙያ ስም ወደ መሆን መጠጋቱን ያሳያል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 89 በዕድገት ወደ ኋላ ለቀሩት ልዩ ድጋፍ እንዲደረግ ያዘዘው ይህን መሰል ታሪክ ስላለ ነው። መዝገበ ቃላት ገባርን «ግብር ከፋይ» ብሎ ካለፈው ግን የድጋፉ ምክንያት ለአንባቢ አይገለጥም።

ሦስተኛው ቃል የፓርቲ ፖለቲካ የወለደው ነው። «ፓርቲ» በአውሮፓ ቋንቋዎች ምንጩ «ክፋይ» ማለት ነው፤ ክፋይ በሙሉው ስም ሊናገር ሲነሣ የሚደርሰውን የሰሜን ኦሞ ዞን አይቷል። በገዥው ፓርቲ አመራር ዘመን የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ስሞች መነሻ ፊደላት ተቀጣጥለው «ወጋጎዳ» የሚል የቋንቋ ስም ተፈጠረ፤ የመማሪያ መጻሕፍትም ታተሙበት። አራቱ ንግግሮች እጅግ የተቀራረቡ ስለ ሆኑ ሐሳቡ ከቋንቋ ጥናት አንጻር መሠረት አልነበረውም አይባልም። የተናጋሪው ፈቃድ ግን አልተጠየቀም። በኅዳር 1992 ዓ.ም. በወላይታ ሶዶ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ ዞኑም ብዙ ሳይቆይ ተከፋፈለ።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ስያሜ አውጪ ጉባኤ የቃሉን ሥር፣ እርባታና ድምፅ መመርመሩ ተገቢ ነው። ሆኖም ቃሉ የሚሰየምለት ሕዝብ ካልተጠየቀ ምርመራው ግማሽ ይሆናል። የዶርዜ ሰው ይህን ከመዝገበ ቃላት በፊት ያውቀዋል፤ በዱቡሻ ያልተመከረበት ቃል የማንም ቃል አይደለምና።