ከሰጠመ መርከብ የወጣ ብርና የቤተ ሰብ ቅርስ

በየቤቱ ተጠብቆ የሚኖር የብር ዕቃ ከአባት ወደ ልጅ በቃል የሚተላለፍ ታሪክ አለው። ታሪክ ጸሓፊ ግን ቃሉን ሲሰማ ዕቃውንም መመርመር ይገባዋል፤ ብር ከቀለጠ በኋላ ከየት እንደ መጣ የሚያስታውቅ ምልክት ለዓይን አይታይበትምና። በአገራችን ጠገራ ብር ቀልጦ የአንገት መስቀል ሲሆን የማርያ ቴሬዛ መልክና 1780 የሚለው ቍጥር ይጠፋሉ፤ ማንጠልጠያ ተበጅቶለት እንዳለ በአንገት የሚታሰረው ግን ምንነቱን ራሱ ይመሰክራል። ይህን ልዩነት ከባሕር ማዶ የሆነ አንድ ነገር አጕልቶ ያሳየናል።

ኮንሴፕሲዮን የተባለችው የእስፓኝ መርከብ በ1641 ዓ. ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ከሂስፓኞላ ደሴት በስተ ሰሜን ከባሕር ውስጥ ዐለት ጋር ተላትማ ሰጠመች። ከጫነችው ገንዘብ በሜክሲኮና በፖቶሲ የተመታ ብር ነበረበት፤ በፖቶሲ ማዕድን የአገሩ ተወላጆች በግዴታ እየተመደቡ ይሠሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በ1687 በቦስቶን መርከብ ሠሪ የነበረው ዊልያም ፊፕስ ይህን ሀብት አስወጣ። ኮተን ማዘር እንደ ተረከው፥ በጀልባ ከነበሩት ሰዎች አንዱ በውኃው ውስጥ ከዐለት ላይ የበቀለ ላባ መሳይ ነገር አየና «ሕንድ» ተብሎ የተጠራውን ጠላቂ እንዲያመጣለት ላከው፤ ጠላቂውም ሲመለስ በታች መድፎች እንዳሉ ነገራቸው። የወጣው ብር 30 ቶን ያህል፥ ዋጋውም ከ200,000 ፓውንድ በላይ ነበር። ፊፕስ የሰርነት ማዕረግ ተቀበለ፤ ሚስቱም 1,000 ፓውንድ የሚያወጣ የወርቅ ጽዋ ተሰጣት ይባላል። ጽዋው ወርቅ እንደ መሆኑ ከዚያ ብር የተሠራ ሳይሆን የብሩ መታሰቢያ ነው፤ ቤተ ሰብ ግን እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ብዙ አይጨነቅም።

ለዚሁ ነገር ጆርጅ ባወር የብር ሜዳይ ቀረጸ። በአንድ ገጹ የዳግማዊ ጄምስና የንግሥት ማርያም መልክ፥ በሁለተኛው መርከብና ሀብቱን የሚያጠምዱ ጀልባዎች፥ ከግርጌም ዘመኑ ይታያሉ። ይህ ሜዳይ በእጁ የሚገኝ ሰው የአያቱን ቃል የሚደግፍ ጽሕፈት አለው። ጽሕፈት የሌለበትን የብር ዋንጫ ይዞ «ይህ የፊፕስ ብር ነው» የሚል ግን ከቃል በቀር ማስረጃ የለውም። እንዲህ ያለውን ቃል ተረት ነው ብለን እንድንጥለው አልመክርም፤ ስለ ዋንጫው ምንጭ ባያስረዳን እንኳ ያ ቤት በምን መታወስ እንደ ፈለገ ያስረዳናል።

ሜዳዩም ቢሆን የሚናገረው ያሠሩት ሰዎች የፈለጉትን ነው። በላቲን የተጻፈበት ቃል የሰጠመው መገኘቱን ሲያበሥር መድፎቹን አስቀድሞ ያየውን ጠላቂ አያነሣም፤ ማዘርም ስሙን አልጻፈልንም።